ከአማች የተጋረደ ቁጥር

የሱሉልታው ሥጋ ቤት አስተናጋጅ የካርድ ማሽኑን አቅርባ «የሚስጥር ቁጥርህን አስገባ» ስትለው፣ ያቤጽ ግራ መዳፉን እንደ ጣሪያ ደፋበት። ጥሬ ሥጋው የተበላው ገና ትናንት ባወጣው የመጀመሪያ የብድር ካርዱ ነበር። ደመወዝ እንደወጣ ሙሉውን ከመለሰ ወለድ የለበትም፤ ቁጥሩን ግን ለእናቱም እንዳያሳይ ባንኩ አስጠንቅቆታል። ፊት ለፊቱ ደግሞ የተቀመጡት ልጃቸውን ኡርጂን ለማግባት ደጅ የሚጠናቸው ኦቦ ዲሪርሳ ነበሩ። መዳፉን አዩና ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ሌባ አይደለሁም፣ ልጄ። በል ጨርስ።»

የያቤጽ ጆሮ በኀፍረት ቀልቶ ሚጥሚጣውን አስናቀ። አማቹ ሊሆኑ የደረሱትን ሰው በገዛ ግብዣው ላይ ሌባ አደረጋቸው! «ኧረ ኦቦ፣ ከአንቱ ምን የሚደበቅ አለኝ!» አለና አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ጮክ ብሎ እየጠራ ነካቸው። የሥጋ ቆራጩ ቢላዋ አየር ላይ ቀረ፤ በር ላይ አጥንት የሚጠብቀው ውሻ እንኳ ቁጥሩን በቃሉ የያዘ ይመስል ነበር።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አነሱ።

«እኔማ ዞሬልህ ነበር» አሉ። «አራት ቁጥር መጠበቅ ያቃተህ ሰው፣ ልጄን እንዴት አድርገህ ልትጠብቃት ነው?»