ከአንድ ማህፀን

«ቃሉ የግሪክ ነው፤ ፊላዴልፊያ» አለ ኤልቃና። «ግሪኮች ከአንድ ማህፀን ለወጡ ልጆች ፍቅር ብቻ ነበር የሚሉት። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ግን ደም ለማያዛምዳቸው፣ እምነት ላገናኛቸው ሰዎች አዋሉት።»

ገለቴ አጠገቡ ቆማ ወደ ኦሮምኛ መለሰችው። ከአዲስ አበባ እንግዳ አስተማሪ ሲመጣ በሰበታው ጸሎት ቤት የምታስተረጉመው እሷ ናት። «ማህፀን» የሚለው ላይ ስትደርስ የኋላው በር ተከፈተና አንድ ሰው ገባ። ድምፅዋ ተቆረጠ።

ጃለታ ነበር። በእርሻ ድንበር ጠብ ወንድሟን ሊቤን በዱላ መትቶ የገደለው ጃለታ። ፍርዱን ጨርሶ መውጣቱን ሰምታለች፤ እዚህ ይመጣል ብላ ግን አላሰበችም።

አዳራሹ ውስጥ እሱን የማያውቅ የለም። አጎቷ ኦቦ ኢቲቻ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። ነገሩ ያልገባው ኤልቃና ብቻ ነው።

«እንግዳ አለን!» አለ ፈገግ ብሎ። «ወንድማችን፣ እንኳን ደህና መጣህ። እስቲ ራስህን አስተዋውቀን።»

ገለቴ «ወንድማችን» የሚለውን ዘላ ሌላውን ተረጎመች።

ጃለታ ባርኔጣውን አውልቆ በኦሮምኛ ተናገረ። አስተርጓሚ ናትና በእሱ አፍ ሆና ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ስሜ ጃለታ ነው። ሰው ገድያለሁ። እዚህ መግባት እንደማይገባኝ አውቃለሁ። እሷ ውጣ ካለችኝ እወጣለሁ።»

«እሷ ማናት?» አለ ኤልቃና በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ። የገደለው የእኔን ወንድም ነው።»

በእጇ የያዘችው ድምፅ ማጉያ ቃሏን ውጭ እስካለው አስፋልት ወሰደው።

ኦቦ ኢቲቻ ከዘራቸውን መሀሉ ላይ ጨብጠው ወደ ኋላ ይራመዱ ጀመር። ማንም አላቆማቸውም። ጃለታም ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«እህት ገለቴ፣ ይቅርታ ማለት እኮ…» ሲል ጀመረ ኤልቃና።

«እባክህ፣ አሁን አታስተምር።»

ይቅር ብዬሃለሁ እንዳትለው ውሸት ይሆንባታል። ውጣ የሚለው ግን ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ከዘራው ከፍ ሲል አየችና ጮኸች።

«አጎቴ፣ ይተዉት!»

ኦቦ ኢቲቻ ጃለታ ፊት ቆሙ። በአፍንጫቸው ሲተነፍሱ ይሰማል።

«ታኢ» አለችው ጃለታን። ተቀመጥ።

ሽማግሌው ዞረው አዩዋት። በሩን ከፍተው ወጡ፤ ሲወጡም አልዘጉትም።

ጃለታ የመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። ፀጉሩን ያየችው ያኔ ነው፤ ግማሹ ሸብቷል። እሱና ሊቤ እኩያ ነበሩ። ሊቤም ቢኖር ይሄኔ መሸበት ይጀምር ነበር።