የገብርኤል ጧፍ

ሞተሩ እንደገና አቃስቶ ጠፋ። ነፋሱ ጀልባዋን ከጅቡቲ ወደብ እያራቀ ወደ ሰፊው ባሕር ይገፋት ነበር። የየውብዳር ባል ካንዴላውን ጠርጎ፣ የቤንዚኑን ታንክ ክዳን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው፤ ሞተሩ ተነሣ፣ ጥቂት ሄዶ ደከመ።

«ቤንዚን ሞልቷል! ገብርኤል ሆይ፣ ምን በደልን?» አለ በተሰበረ ድምፅ።

«ክዳኑ ሲከፈት ነው ነፍስ የሚዘራው» የውብዳር ልትለው አፏን ስትከፍት አንድ ነገር ትዝ አላት። ጠዋት፣ የባሕር ውኃ እንዳይገባ ብላ፣ ክዳኑ አናት ላይ ያለችውን ቀዳዳ በገብርኤል ጧፍ ሰም የደፈነችው ራሷ ነበረች። ለካ ታንኩ አየር የሚያገኘው በዚያች ኖሯል! ባሏ ዘወር ሲል ሰሙን በጥፍሯ ፈልፍላ አወጣችው።

ባሏ እንደገና ሲያስነሣው ሞተሩ አገሣ፤ ሳይደክምም ወደ ወደቡ ገሰገሰ።

«አየሽ? ገብርኤል ደረሰልን!»

የውብዳር በረጅሙ ተነፈሰች። «አሜን» አለች፣ ሰሙን በመዳፏ ጨብጣ።