በግቢው የተኙት ቧንቧዎች

«የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ይቅረቡልን» አለች ሰብሳቢዋ። ኃላፊው ማኅደሩን በብብቱ ሸጉጦ ተነሳ። ሰብሳቢዋ እህቱ በሕይወቱ አንድም ቀን አንቱ ብላው አታውቅም።

ታላቅ እህቱ ናት፤ አዝላ ያሳደገችው። የሕዝቡ ኑሮ በተናጋባቸው ዓመታት የከተማውን ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ይዛ፣ የመንገድ መብራት ሳይቀር እያስጠፋች፣ ከሁሉም በፊት የራሷን አበል እየቆረጠች፣ ከተማዋን ያንን ክፉ ጊዜ ያሻገረች ሴት ናት። «መቀስ» ይሏታል። ዘንድሮ ግን የተዘጉት ሱቆች ተከፍተዋል፣ ግብሩም መግባት ጀምሯል። ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ለዓመታት የተራበ አፉን ከፍቶ መጥቷል። ወንድሟ አልሰጋም ነበር። ሚስቱ ሸሚዙን ስትተኩስለት «ወንበሩ ላይ ያለችው እህትህ አይደለች እንዴ? ምን ያስጨንቅሃል?» ብላዋለች። እሱም በሆዱ ይህንኑ ሲል ነበር።

«ከመጀመራችን በፊት» አለች ሰብሳቢዋ ወደ አባላቱ ዞራ፤ «ይህ ሰው ወንድሜ ነው። በበጀት ጥያቄው ላይ ድምፅ ሲሰጥ ከአዳራሹ እወጣለሁ። ጥያቄውንም ሌላ ሰው ይምራው የምትሉ ካላችሁ አሁን ተናገሩ።»

ማንም አልተናገረም። ከኋላ ወንበሮች ላይ የላይኛው ሰፈር ሰዎች ተደርድረዋል። የቧንቧ ውሃ ካዩ ሰንብተዋል፤ በቦቴ እየገዙ ነው የሚኖሩት።

ኃላፊው የሦስት አዳዲስ ፓምፖች ጥያቄውን ጥድፍ ጥድፍ እያለ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ሊቀመጥ ወገቡን አጠፍ አደረገ።

«ገና ነን» አለችው። «ፓምፖቹ ውሃውን በየት በኩል ነው ወደ ላይኛው ሰፈር የሚገፉት?»

«በአዲሱ መስመር፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«መስመሩ ተዘርግቷል?»

«በመዘርጋት ላይ ነው» ማለት ይችል ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ይህ ውሸት አይባልም፤ ሁሉም ይለዋል፣ ማንም አይጠየቅበትም። ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ። አስተያየቷ የሚያጠምድ ሰው አስተያየት አልነበረም። ልጅ ሳለ የትምህርት ቤቱ ደወል እየተደወለ እንኳ የጫማውን ክር ራሱ እስኪያስር ዝም ብላ ትጠብቀው ነበር። አሁንም እንደዚያው እየጠበቀችው ነው።

«አልተዘረጋም» አለ። «ቧንቧዎቹ ግቢያችን ውስጥ ተኝተዋል።»

«እኛ ውሃ ጠምቶን እነሱ ፀሐይ ይሞቃሉ!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሰብሳቢዋ አልሳቀችም።

«ለምን ተኙ?»

«ቦዩ አልተቆፈረም፤ ለቁፋሮ ገንዘብ አልያዝንም። ቧንቧውን የገዛነው የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ነው። ገንዘቡ ሳንጠቀምበት ተመላሽ ከሚሆን ብለን።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ብቻ «ምን ነካህ?» በሚል ዐይን ገረመመው።

«ነባሩ ፓምፕስ ምን ሆነ?»

«ሞተሩ ተቃጥሎ ነው። ቢጠገን ይሠራል፤ ባለሙያዎቻችን አይተውታል።»

«ታዲያ ሦስቱ ለምንድን ነው?»

«ሦስት ካልጠየቅን አንድ አይሰጡንም ብለን ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ይህን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ» አለች፤ አሁን የምታናግረው የፊቱን ረድፍ በሙሉ ነበር። «በዚያ ክፉ ጊዜ የጠየቃችሁትን ሁሉ ግማሹን ስቆርጥ፣ እናንተም እጥፍ መጠየቅ ለመዳችሁ። ያኔ አማራጭ አልነበረንም። አሁን ግን ቀና እያልን ነው። የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ጠይቁን፤ ሳንቆራርጥ እንድንሰጣችሁ እኔ እሟገታለሁ። ከሰጠን በኋላ ግን መጥተን በዐይናችን እናያለን።» ወደ ወንድሟ ተመለሰች። «እንግዲህ ጥያቄዎን አስተካክለው ያቅርቡ።»

ፓምፖቹን ሰረዘ። የቦዩን ቁፋሮና የሞተሩን ጥገና ብቻ ጠየቀ። ሲጨርስ ሰብሳቢዋ ድምፁ እስኪሰጥ ወንበሩን ለምክትሏ ለቅቃ ወጣች፤ እሱም ተከትሏት ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ አገኛት።

«እትዬ፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ!»

«ትናንት በመሥሪያ ቤትህ በኩል ሳልፍ ቧንቧዎቹን አይቻቸዋለሁ» አለችው።

ክው አለ። «እና ዐይኔን በጨው አጥቤ ብዋሽ ኖሮስ?»

«ያየሁትን እናገር ነበር።»

«በእኔ ላይ?»

«በአንተ ላይ። ሌሊቱን ሙሉ ዐይኔ አልተከደነም። ደውዬ ላስጠነቅቅህ ስልኩን ስንቴ አንስቼ አስቀመጥኩት መሰለህ። ለሌላው ሰው የማላደርገውን ለአንተ ባደርግ በምን ዐይኔ ያንን ሕዝብ አየዋለሁ? ብትዋሽ ደግሞ አንተን በምን ዐይኔ አይሃለሁ? እግዜር ይስጥህ፣ የኔ ወንድም፤ ከሁለቱም አዳንከኝ።»

ይዞት የወጣው ቁጣ የት እንደገባ አላወቀም። እዚያ የሰብሳቢነት ወንበር ላይ እንዲህ ስትፈራ መቀመጧን፣ ፈርታም ጥያቄዋን አንድ ስንዝር አለማጠፏን አሰበና፣ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሁለቱም የአዳራሹን በር አዩ። የበሩ ደብዛዛ መስታወት ፊት አያሳይም፣ ጥላ ብቻ ነው የሚያሳየው። ከማዶ አንድ እጅ ተነሳ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀስ በቀስም መስታወቱ በእጆች ጥላ ተሞላ።