ዜሮ ጎል ያገባው ተከላካይ

ዘጠና ሺህ ዶላር…

ለፊርማ ብቻ!

አቶ ኣብራሃ ይህን ቁጥር ከሰሙ ጀምሮ እንቅልፍ አጥተዋል።

«ሳህለ፣ ስማኝ» አሉ፣ የበረዶ ሜዳው በር ላይ የልጃቸውን ክንድ ይዘው። «ዛሬ ስካውቱ ይመጣል። ለአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች የሚመለምለው ሰውዬ። ሰኔ ላይ ክለቦቹ ወጣቶችን ሲመርጡ ስምህ ይጠራ አይጠራ በእሱ አፍ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ ባባ።»

«እስከ ዛሬ ለአንድ ጎል ሃምሳ ዶላር ነበር የምሰጥህ። ዛሬ አምስት መቶ!»

ሳህለ አስራ ሰባት ዓመቱ ነው። በበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነው።

«ባባ፣ አይም ኤ ዲፌንስማን። ጎል ማግባት የኔ ጆብ አይደለም።»

«ጎል የማያገባን ማን ዞር ብሎ ያያል?»

አቶ ኣብራሃ ክፉ ሰው አይደሉም። ዴንቨር ሲገቡ ኤርፖርት ፓርኪንግ ትኬት ይቆርጡ ነበር። ዛሬ ስድስት ቫን አላቸው። እዚህ የደረሱት እያንዳንዷን ሳንቲም ቆጥረው ነው። የልጁ ጫማ ስንት፣ ዱላው ስንት፣ የሜዳው ኪራይ በሰዓት ስንት… ሁሉንም በቃላቸው ይነግሩሃል።

ደግሞም ባደጉበት አስመራ፣ ከጨዋታ በኋላ ትከሻ ላይ የሚወጣው ጎል ያገባው ብቻ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ…

አቶ ኣብራሃ ስካውቱን በዓይናቸው ፈለጉ። አንድ ባለ ከረባት፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው አዩ። «ይሄ ነው» አሉ በልባቸው። ሄደው ጎኑ ተቀመጡ። ቡና ገዙለት። አራት ዶላር ከሃያ አምስት።

ከታች፣ መስታወቱ አጠገብ፣ ሹፌራቸው ሸምሱ ተቀምጧል።

ሳህለን ከሰፈራቸው ከቻምበርስ ሮድ ሊትልተን ድረስ ለልምምድ የሚያመላልሰው እሱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሳይቀድ። «ሁለቴ ቤንዚን ከማቃጥል» እያለ ልምምዱ እስኪያልቅ እዚያው ብርዱ ላይ ይጠብቃል።

ዛሬ ጎኑ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገች ጎልማሳ ሴት ተቀምጣለች። ሸምሱ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳላት።

ሦስት ደቂቃ ቀረ። የሳህለ ቡድን ሁለት ለአንድ እየመራ ነው።

የሚጫወቱባት ጥቁር ክብ ጎማ ሳህለ ዱላ ላይ አረፈች። ፊቱ ባዶ ነው! አንድም ሰው የለም!

አቶ ኣብራሃ ሮጠው ወርደው መስታወቱን በጡጫ መቱት።

«ሂድ! ሂድ! አግባ!»

ሳህለ ቀና ብሎ አባቱን አየ…

ጎማዋን ለጓደኛው አቀበለ። ወደ ኋላ ተመለሰ።

ጓደኛው ወዲያው ተነጠቀ። ተቃራኒዎቹ እየበረሩ መጥተው መቱ። ሳህለ በረዶው ላይ ተዘረጋና ምቱን በጎኑ ተቀበለው።

ሁለት ለአንድ አለቀ። አሸነፉ።

አቶ ኣብራሃ ግን ፓርኪንጉ ላይ ጠበቁት።

«ስንት አገባህ?»

«ባባ…»

«ስንት?!»

«ዜሮ።»

«ዜሮ! ይሄን ሁሉ ከፍዬ ዜሮ! ሰውዬው እኮ ሳይሰናበተኝ ሄደ!»

ሸምሱ አላስቻለውም። «ጋሽ ኣብራሃ፣ ባለ ከረባቱን ከሆነ የበረኛው አባት ነው። ኢንሹራንስ ነው የሚሸጠው። ልጁ ደግሞ ዘጠኝ ምት በሰውነቱ መልሷል፣ እኔው ቆጥሬያለሁ። ጎኑን ይዩለት እንጂ…»

«አንተ ሹፌር ነህ! ስለ ጎማህ አውራ!»

ሸምሱ አንገቱን ደፋ።

በዚህ መሃል ባለ አረንጓዴ ኮፍያዋ ሴት መጣች። አቶ ኣብራሃን አልፋ ለሸምሱ እጇን ዘረጋች።

«የክለቡ ስካውት ነኝ» አለች። «ጥሩ ልጅ አሳድገሃል።»

ሸምሱ ደነገጠ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም! እኔ ሹፌሩ ነኝ። አባቱ እሳቸው ናቸው።»

ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ አቶ ኣብራሃን አየች።

«ይቅርታ… ልምምዱን ሰባት ጊዜ መጥቼ አይቻለሁ። ልጁን ሊጠብቅ ሲመጣ ሁልጊዜ ያየሁት ይሄን ሰው ብቻ ነው።»



 «ግን እኮ… ጎል አላገባም» አሉ አቶ ኣብራሃ።

«ጎል የሚያገባ ሞልቷል» አለች። «እኔ የምመዘግበው ሳይገቡ የቀሩትን ነው። ቅድም አብሮት የሚከላከለው ልጅ ወድቆ ነበር። ሳህለ ሂድ ሲባል ቢሄድ ኖሮ ኋላው ባዶ ነበር። እሱ ግን አይቶ ተመለሰ። እኔ ከተማ ለከተማ የምዞረው እንዲህ ያለ ልጅ ፍለጋ ነው።»

ሰኔ ደረሰ…

የምርጫው አዳራሽ ውስጥ ሳህለ አጠገብ ለቤተሰብ የተያዘው ወንበር ሁለት ብቻ ነበር።

አንዱ የእናቱ የሓየት። ሁለተኛው…

«ባባ፣ ዶንት ቢ ማድ» አለ ሳህለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «አንክል ሸምሱ ሁልጊዜ እዛ ነበር።»

አቶ ኣብራሃ ደረጃውን ወጡ። ላይ፣ ጣሪያው ስር፣ በገንዘባቸው ትኬት ቆርጠው ተቀመጡ።

በሁለተኛው ዙር የሳህለ ስም ተጠራ!

ልጁ ተነስቶ እናቱን አቀፈ። ቀጥሎ ሸምሱን አቀፈ። ሸምሱ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አቶ ኣብራሃ ከላይ ሆነው እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቆጠሩ…

የተገኘ፦ ዘጠና ሺህ ዶላር፣ ልጁ ሲፈርም።

የቀረ፦ የአራት ዓመት ጠዋት።

ከወንበራቸው እስከ ልጃቸው፦ ሃያ ሦስት ረድፍ።

ወዳጆቼ፣ ለልጆቻችን ያወጣነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አጠገባቸው ተቀምጠን ያየናቸውን ቀናትም እንቁጠር። ልጆቹ የሚቆጥሩት እሱን ነው።

እናንተ ሳህለን ብትሆኑ ሁለተኛውን ወንበር ለማን ትሰጡ ነበር? ለከፈለው አባት ወይስ ብርዱ ላይ ለጠበቀው ሹፌር? እስኪ ኮመንት ላይ ፍረዱ…