ለታርጋው ቦታ ጠፋ

ሾፌሩ ከሚኒባሱ ፊት ተንበርክኮ የታርጋውን መያዣ ብረት እንደገና ለካው። እንዴትም ቢያዞረው ብሎኖቹ የሚያርፉት እናቱ አስባርከው በለጠፉት የእመቤታችን ሥዕል ላይ ነው። የሞላሌ ገበያተኛ ገብቶ ተቀምጧል፤ ጣራው ላይ የታሰሩት በጎች ይጮኻሉ። ትራፊኩ ደግሞ ያለ ፊት ታርጋ ንቅንቅ ቢል መኪናውን እንደሚያስረው ቁርጡን ነግሮታል።

«ትንሽ ወደ ጎን ላንሳት፣ እማዬ።»

«ተባርኮ የተለጠፈ አይነሳም።»

«እሺ፣ ታርጋውን ከላይዋ ልሰረው።»

«ከእሷ በላይ? ታርጋው ማን ስለሆነ ነው?»

«ከታችማ ድንጋዩ ይገነጥለዋል» አለ አንድ ገበያተኛ፣ ሳይጠየቅ፣ በመስኮት።

ሾፌሩ መፍቻውን መሬት ላይ ወረወረው። ቀና ሲል ትራፊኩ ራሱ እየመጣ ነው።

«ይምጣ» አሉ እናቱ። «እሱም የክርስቲያን ልጅ ነው።»

ትራፊኩ ሥዕሏን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። አጎነበሰ፣ ተሳለመ፣ ግንባሩን አስነካ፤ ከንፈሩም ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። እናቱ «አላልኩህም?» በሚል ዓይን ልጃቸውን አዩት። እሱም ከጠዋት ጀምሮ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀ።

ትራፊኩ ጸሎቱን ጨርሶ ቀና አለ። ቆቡን አስተካክሎ ደፋና እጁን ዘረጋ።

«መንጃ ፈቃድ።»