የቅዳሜዋ ተረኛ

የስፖርት ክሊኒኳ ነርስ ልጇን እግሮቿ መሃል አስቀምጣ ሹሩባ ስትሠራላት ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ያዘችላት። የደወለችው አለቃዋ ነበረች።

«እህቴ፣ ዛሬም ሰው ጎድሎብኛል። ከሰዓት ጨዋታ አለ፤ ባክሽ ድረሺልኝ።»

ስድስተኛ ቅዳሜ መሆኑ ነው። አምስቱን እያጉረመረመችም ቢሆን ሄዳለች።

«እምቢ!» አለች ነርሷ። «ቀዳዳ ባያችሁ ቁጥር እኔን የምትለጥፉት፣ እራፊ ጨርቅ ነኝ እንዴ? ሰው ቅጠሩ! ዝጊው፣ ሚጣ።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ልጅቷ ቀድማ አንሥታ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው፤ አሁንም አለቃዋ ነበረች።

«ሚጣዬ፣ እናትሽ ስልኳን ቤት ረስታ ነው የመጣችው፤ እንዳታስቢ ብዬ ነው። አፏ ነው እንጂ ልቧ ደግ እኮ ነው!»

«እኔ እዚህ ነኝ!» ብላ ጮኸች ነርሷ፣ ጣቶቿ ከልጇ ፀጉር ሳይወጡ። «ማን ነው የመጣው?»

ከአለቃዋ ጀርባ ፕላስተር ጠርር ብሎ ሲቀደድ ተሰማ።

«ጣትህን እስቲ አወዛውዝ... ጎሽ፣ የኔ አንበሳ!»

ነርሷ ለአሥራ አንድ ዓመት የተጫዋቾችን ቁርጭምጭሚት ስትጠቀልል የምትለው ነው። ድምፁም የራሷ ነው።

«ስጪኝ እሷን!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተንኮሻኮሸ።

«አንቺ ሹሩባውን ጨርሺ» አለ የገዛ ድምፅዋ፣ በእርጋታ። «እኔ እምቢ ማለት አልችልበትም። ብቻ ማታ ስመጣ በሩን ክፈቺልኝ።»

«እምቢ!» አለች ነርሷ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።