መግቢያ ያጣችው ጣት

«ሰብስቲትዩሽን!» አለች እናት ዓይኗን ጨፍና።

«እማዬ፣ እየገመትሽ ነው።»

«እሺ፣ ኤሊሚኔሽን።»

«እሱንም ገመትሽ!» ልጅቷ እስክሪብቶዋን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወርውራ ተነሳች። «ስንት ጊዜ ልንገርሽ? አንዱ መተካት ነው፣ አንዱ ማስወገድ። ይኸው ነው!»

እናት መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ መጥረግ ጀመረች፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር። ልጆቿን አሳድጋ ስታበቃ፣ በዚህ ዕድሜዋ ፋርማሲ ልማር ብላ ኮሌጅ የገባች ሴት ናት። አብረዋት የሚማሩት፣ ልጆቿ የሚሆኑ ወጣቶች «እማማ» ይሏታል። በዚህ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ወድቃ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድጋሚ ትፈተናለች። አሁንም ከወደቀች ትምህርቱ በዚሁ አበቃ።

«ሰንጠረዡን እኮ ሸምድጄዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ጥያቄው መልኩን ሲቀይርብኝ ነው ጭልጥ የሚልብኝ። ተይው በቃ ልጄ፣ አንቺም ደከምሽ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።»

ልጅቷ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ስንቱን የሰው ልጅ ታግሳ አስተምራ፣ በገዛ እናቷ ላይ ጮኸች። ምን ብላ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ቢጠፋት፣ ለምሳ ከተቀመጠው ቅርጫት አንድ ድንች አነሳች።

«ይኼ ካርቦን ነው።» ሦስት የነጭ ሽንኩርት ፍሬ በስቲኪኒ ሰካችበት። «እነዚህ ሃይድሮጅን፤ ስቲኪኒዎቹ ማሰሪያው፣ ቦንዱ።» ከዚያ አንዲት ትንሽ ቲማቲም ጨመረች። «ይቺ ብሮሚን፤ ሰበብ ካገኘች መሄድ ነው የምትወደው። ጣትሽ ደግሞ ቦታዋን ልትይዝ የምትመጣው ሃይድሮክሳይድ ትሁን። ከቲማቲሟ ተቃራኒ፣ በጀርባ በኩል ግቢና ካርቦኑን ንኪው።»

እናት ነካችው። ልጅቷ ቲማቲሟን ነቀለቻት። «እሷ ሄደች፣ አንቺ ተተካሽ። ሰብስቲትዩሽን።»

«ይቺንስ አላጣኋትም።»

«ቆዪ።» ልጅቷ ሌላ ድንች አንስታ፣ በስቲኪኒ ባያያዘቻቸው ሦስት ሌሎች ድንቾች ዙሪያውን አጠረችው። ቲማቲሟን የመሃለኛው አናት ላይ፣ ነጭ ሽንኩርቶቹን የዳሮቹ ድንቾች ላይ ሰካካች። «እነዚህም ካርቦን ናቸው። በይ አሁንም መሃለኛውን በጀርባው ንኪው።»

እናት ጣቷን ሰደደች። በዚህ ብትል ድንች፣ በዚያ ብትል ድንች። አገላበጠችው። «መግቢያ የለውም እኮ!» አለች ብሽቅ ብላ። ስትታገል ዳር ያለች አንዲት ነጭ ሽንኩርት ተነቅላ እጇ ላይ ቀረች። ስቲኪኒዋ ግን ድንቹ ላይ እንደቆመች ነበር።

ልጅቷ መልሱን ከመንገር ይልቅ እጆቿን አጣምራ ጠበቀች።

እናት ባዶዋን ስቲኪኒ ትክ ብላ አየቻት። ነቀለቻትና በዳሩ ድንችና በመሃለኛው መካከል፣ ከቀድሞዋ ስቲኪኒ ጎን ሰካቻት። ከዚያ በከንፈሯ መቁጠር ጀመረች።

«ካርቦን ከአራት ቦንድ በላይ አይችልም... መሃለኛው ግን አምስት ሆነበት...» ቀና አለች። ቲማቲሟን መንጭቃ ነቀለቻት። «ስለዚህ ይቺ ትወጣለች! አልተካኋትም እኮ! መግባት ሲያቅተኝ ከዳር ሃይድሮጅን ይዤ ሄድኩ፣ እዚህ ድርብ ማሰሪያ፣ ደብል ቦንድ ቀረ፣ እሷም ውልቅ! ኤሊሚኔሽን!»

«እማዬ!» ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

«ታዲያ ምን ያሸመድደኛል? መግቢያ አለ ወይስ የለም ብሎ ማየት ነው እንጂ!»

«እሱ ብቻማ አይደለም፤ ሙቀቱም አለ፣ የሚገባው ነገር ጠባይም...»

«እሱን ወደ ፈተናው ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ትነግሪኛለሽ።»

አባት ድንች ሊልጥ ቢላ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «ምሳዬን ምን አደረጋችሁብኝ?»

«ና፣ ቁጭ በል፣ ላሳይህ!» እናት እጁን ስባ አስቀመጠችው። ሁሉንም እንደ አዲስ ሰካክታ፣ ድንቹን እያሽከረከረች፣ ቲማቲሟን እያባረረች ታስረዳው ጀመር። እሱም «እህ... እህ...» ይላል።

ልጅቷ የእናቷን ቦርሳ ልታነሳ ዞር ስትል አባቷን አየችው። ዓይኑ ድንቹ ላይ አልነበረም። የሚስቱን የፈካ ፊት ነው የሚያየው።

እናት ጨርሳ «ገባህ?» አለችው።

አባት ራሱን አከከ። «አልገባኝም» አለ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»